ወደ አርም እንዙር ወይስ ኢንቴል ላይ እንቆይ?

ጥያቄው ይህ ነው። "አዲስ አበባ የምንሠራ ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን ነን። ለሱቆችና ለፋርማሲዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም እንሠራለን። አማዞን ክላውድ ላይ አምስት ኤም5 ላርጅ ሰርቨሮች አሉን፣ ሁሉም ኢንቴል ናቸው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ከብዶናል። አንዱ ጓደኛችን 'ወደ አርም ዙሩ፣ ሂሳባችሁ በ20 ከመቶ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል' ይለናል። ሌላው ደግሞ 'አርም የስልክ ፕሮሰሰር ነው፣ ለሰርቨር አይሆንም' ይላል። ማንን እንስማ? ለቢሮ ላፕቶፕም ልንገዛ ነው፤ ለእሱስ የቱ ይሻላል?"

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። አብዛኛውን ሥራችሁን ወደ አርም ብታዞሩ ያዋጣችኋል ብዬ አምናለሁ። ሁሉንም ግን አይደለም፣ በአንድ ሌሊትም አይደለም። ደግሞ የሚረክስላችሁ "አርም ስለሆነ" አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ነገር በደንብ ካልያዛችሁት፣ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ስም ይዞ ሲመጣ እንደገና ግራ ትጋባላችሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከሂሳቡ እንጀምር። በአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል፣ ሊኑክስ የተጫነበት ኤም5 ላርጅ ያለ ውል በሰዓት 0.096 ዶላር ነው። ሁለት ቪሲፒዩ፣ ማለትም ክላውዱ የፕሮሰሰር አቅምን የሚቆጥርበት መስፈሪያ፣ እና 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ያንኑ ያህል ያለው የአርም ሰርቨር፣ ኤም6ጂ ላርጅ፣ በሰዓት 0.077 ዶላር ነው። ወሩን 730 ሰዓት ብለን ብንይዝ አንዱ 70 ዶላር ከ8 ሳንቲም፣ ሌላው 56 ዶላር ከ21 ሳንቲም ይመጣል። ለአምስቱ በወር 69 ዶላር ገደማ፣ በዓመት 832 ዶላር ይተርፋችኋል። 20 ከመቶ ያላችሁ ጓደኛችሁ ዋጋው ላይ አልተሳሳተም።

ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእናንተ አምስት ሰርቨሮች በወር 350 ዶላር ይበላሉ። ያኔ ወደ 20 ሺህ ብር ነበር። ዶላር 100 ብር ሲገባ 35 ሺህ ሆነ። ሰርቨሩ ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው። ደንበኞቻችሁ የሚከፍሏችሁ ግን በብር ነው። ለምን እንደከበዳችሁ በደንብ ይገባኛል።

ግን የሰዓት ዋጋ ብቻውን አይበቃም። ጤፍ ስትገዙ የኪሎውን ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑም። ውሃ ያነሳል ወይ? ስንት እንጀራ ይወጣዋል? ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ሰርቨርም እንዲሁ ነው። የሰዓቱን ዋጋ በዚያ ሰዓት ለተሠራው ሥራ ማካፈል አለባችሁ።

በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው፤ የእናንተን እናንተው ትለካላችሁ። የኢንቴሉ ሰርቨር ሳይጨናነቅ በሰከንድ 400 ጥያቄ ያስተናግዳል እንበል። በሰዓት 1,440,000 ማለት ነው። 0.096 ዶላርን ለዚህ ብታካፍሉ አንድ ሚሊዮን ጥያቄ 6.7 ሳንቲም ያስወጣል። የአርሙ ሰርቨር ቀርፈፍ ብሎ 350 ብቻ ቢያስተናግድስ? በሰዓት 1,260,000 ነው። አንዱ ሚሊዮን 6.1 ሳንቲም ይመጣል። ቀርፋፋው ረከሰ ማለት ነው። 300 ብቻ ካስተናገደ ግን 7.1 ሳንቲም ይሆናል፤ ተወደደ። ድንበሩ የት ነው? 0.077ን ለ0.096 አካፍሉ፣ 0.80 ይመጣል። የአርሙ ሰርቨር ኢንቴሉ ከሚሠራው ከ80 ከመቶ በላይ ከሠራላችሁ አትርፋችኋል። ከዚያ በታች ከወረደ ከስራችኋል። የአርምና የኢንቴልን ክርክር ለጊዜው ተዉትና ይህቺን 80 ያዟት።

ታዲያ አርሙ ለምን ረከሰ? ብዙ ሰው "ቀለል ያለ ስለሆነ ነው" ይላል። ዋናው ምክንያት ያ አይደለም። የኢንቴል ዓይነቱ፣ ኤክስ86 የሚባለው የሰርቨር ፕሮሰሰር በዋናነት ከሁለት ኩባንያዎች ይመጣል፣ ከኢንቴልና ከኤኤምዲ። አማዞን ከእነሱ ሲገዛ የእነሱን ትርፍ ጨምሮ ይከፍላል። አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ አሠራሩ ለየት ይላል። ለረጅም ዘመን የኖረው ቺፕ እየሸጠ ሳይሆን ንድፉን በፈቃድ እየሰጠ ነው። አማዞን በ2015 አናፑርና ላብስ የተባለ የእስራኤል የቺፕ ንድፍ ኩባንያ ገዛ። በ2018 ግራቪተን ብሎ የሰየመውን የራሱን የሰርቨር ፕሮሰሰር አወጣ። በ2019 ያስተዋወቀው ግራቪተን 2 ባለ 64 ኮር ነው፤ ኮር ማለት በቺፑ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ አንድ ሙሉ የማስሊያ ክፍል ነው። ኮሩ የአርም ንድፍ ነው፣ ቺፑን ያዘጋጀው አማዞን ነው፣ ያመረተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። የተጋገረ ዳቦ ከመግዛት ዱቄቱን ገዝቶ ቤት እንደመጋገር ነው። ከተረፈው ለራሱ ያስቀራል፣ ለእናንተም ያካፍላል፤ ወደ ራሱ ቺፕ እንድትመጡለት ይፈልጋላ። እንግዲህ 20 ከመቶው የንግድ ውሳኔ ነው። ነገ ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ ልንገራችሁ። አርም የተወለደው ካምብሪጅ ውስጥ፣ ኤኮርን በተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ኩባንያ ነው። ንድፉን የሠሩት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ናቸው። የመጀመሪያው ቺፕ ሚያዝያ 1985 በእጃቸው ገባ። የትራንዚስተሩ ብዛት 25,000 ገደማ ብቻ ነበር። ኃይል ቆጣቢ እንዲሆን የፈለጉት ለስልክ ብለው አይደለም፤ ያኔ እኛ የምናውቀው ስልክ የለም። ቺፑ ብዙ ከሞቀ በሴራሚክ መታሸግ አለበት፣ ሴራሚክ ደግሞ ውድ ነው። ከአንድ ዋት በታች ከሆነ በርካሹ ፕላስቲክ ይታሸጋል። ለፕላስቲኩ ሲሉ ተጠነቀቁ። ሲለኩት መለኪያው ዜሮ አሳየ። ለካስ የመብራት መስመሩ አልተገናኘም፤ ቺፑ ይሠራ የነበረው ከሌሎቹ መስመሮች ሾልኮ በሚገባ ኃይል ነው። ዛሬ ስለ አርም ቁጠባ የምንሰማው ሁሉ ዋጋ ለመቀነስ ከተደረገ ጥንቃቄ ነው የጀመረው።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ልግባ። አርክቴክቸር ስንል ፕሮሰሰሩ የሚረዳውን ቋንቋ ማለታችን ነው። የኤክስ86 ቋንቋ በ1978 ከኢንቴል 8086 ጋር የመጣ ነው። ትዕዛዞቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ 1 ባይት፣ ሌላው እስከ 15 ባይት ይረዝማል። የ64 ቢቱ አርም ትዕዛዞች ግን ሁሉም እኩል 4 ባይት ናቸው። ይህ ለምን ይጠቅማል? የብራና ጽሑፍ አስቡ። ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ ባይለይ ኖሮ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ለማወቅ ከመጀመሪያው ማንበብ ነበረባችሁ። ቃላት ሁሉ እኩል አራት አራት ፊደል ቢሆኑ ግን ስምንት አንባቢ በአንድ ጊዜ ማሰማራት ትችላላችሁ፤ እያንዳንዱ ከየት እንደሚጀምር ቆጥሮ ያውቃል። የአፕል ኤም1 ፕሮሰሰር በአንድ ምት እስከ ስምንት ትዕዛዝ የሚፈታው በዚህ ነው። ኢንቴልና ኤኤምዲም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንዴ የፈቱትን ትዕዛዝ በትንሽ መጋዘን አስቀምጠው ደጋግመው ይጠቀሙበታል። የርዝመቱ ልዩነት የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ግን ሰዎች እንደሚያወሩት አይደለም። በ2013 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአርምና የኤክስ86 ፕሮሰሰሮችን አነጻጽረው ልዩነቱን ያመጣው የቺፑ አሠራር እንጂ ቋንቋው አለመሆኑን አሳይተዋል። የእኔም ልምድ ከዚህ ጋር ይስማማል።

"የስልክ ነው" ላለው ጓደኛችሁ ይህን ንገሩት። ሰኔ 2020 ላይ የዓለም ፈጣኑ ኮምፒውተር ተብሎ የተመዘገበው የጃፓኑ ፉጋኩ በአርም ፕሮሰሰር ነው የሚሠራው። ሁለት ዓመት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በ2022 የአሜሪካው ፍሮንቲየር ቀደመው፣ ያ ደግሞ በኤኤምዲ ነው። አንዴ አርም፣ አንዴ ኤክስ86። ቋንቋው የፍጥነት ጣሪያ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይፈራረቁም ነበር።

የእናንተን ሰርቨር በቀጥታ የሚነካው ሌላ ጉዳይ ነው፣ በዚህ ላይ አጥብቄ ላስረዳ። ቪሲፒዩ የሚለው ቃል በሁሉም ሰርቨር ላይ አንድ ትርጉም የለውም። ኤም5 ላርጅ ላይ ሁለት ቪሲፒዩ ሲባል አንድ እውነተኛ ኮር ነው፣ ሁለት ሥራ እየተቀባበለ የሚሠራ። ግራቪተን ላይ ግን ሁለት ቪሲፒዩ ማለት ሁለት እውነተኛ ኮር ነው። አንድ ምጣድ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጋጋሪዎች አስቡ። አንዷ ሊጡን ስታማስል ሌላዋ ምጣዱን ትጠቀማለች። ምጣዱ ሥራ ስለማይፈታ ከአንድ ጋጋሪ የበለጠ እንጀራ ይወጣል፤ ግን እጥፍ አይወጣም። ግራቪተን ለሁለቱም የየራሳቸውን ምጣድ ሰጠ።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ። የኢንቴሉ ሰርቨር መለኪያ 50 ከመቶ ሲል ግማሽ አቅም የቀራችሁ ይመስላችኋል። አልቀረም። አንዷ ጋጋሪ ምጣዱን ይዛዋለች፤ ሁለተኛዋ ስትመጣ የምታገኘው የተረፈውን ነው። ስለዚህ ከ60 ወይም ከ70 ከመቶ በላይ ሲሄድ መልሱ በድንገት ይዘገያል። ግራቪተን ላይ መለኪያው ለእውነቱ ይቀርባል። ብዙ ሰው "አርሙ ጭነት ሲበዛበት ይሻላል" የሚለው ለዚህ ነው።

ሌላውንም ወገን በፍትሕ ልናገር። ኤም5 ኮሮቹን ሁሉ እያሠራ እስከ 3.1 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፣ ኤም6ጂ ውስጥ ያለው ግራቪተን 2 ግን 2.5 ነው። ሰርቨሩ ባዶ ሆኖ አንድ ከባድ ሪፖርት ብቻ ቢሠራ ኢንቴሉ ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል። ደንበኛችሁ የወር መዝጊያ ሪፖርት ተጭኖ የሚጠብቅ ከሆነ ይህ ይሰማዋል። እኔ ብሆን ኤም6ጂን ዘልዬ ኤም7ጂን እሞክራለሁ። ላርጁ በሰዓት 0.0816 ዶላር ነው፣ አሁንም ከኤም5 በ15 ከመቶ ይረክሳል፣ በውስጡ ያለው ግራቪተን 3 ደግሞ ከታላቅ ወንድሙ ከግራቪተን 2 በግልጽ ይፈጥናል።

ኤኤምዲን አትርሱት። ጠያቂዎች ሁሉ "አርም ወይስ ኢንቴል" ሲሉ እሱን ይዘሉታል። ኤም6ኤ ላርጅ በሰዓት 0.0864 ዶላር ነው፤ ከኢንቴሉ በ10 ከመቶ ይቀንሳል፣ ኮድ መቀየር የለም፣ ምንም የለም። ዛሬውኑ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ኤም7ኤ ደግሞ በሰዓት 0.11592 ዶላር ስለሆነ ውድ ይመስላል። ግን እሱም ላይ አንድ ቪሲፒዩ አንድ ሙሉ ኮር ነው፣ ፍጥነቱም እስከ 3.7 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ለከባድ ሥራ በሰዓት ውድ ሆኖ በሥራ ሊረክስ ይችላል። ለዚህ ነው ማካፈሉን ያጠበቅኩት።

አሁን ከሁሉ በፊት ማየት ያለባችሁን ልንገራችሁ። አምስቱ ሰርቨሮች ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን የሥራ ጫና የአንድ ወር ግራፍ ተመልከቱ። የሱቅና የፋርማሲ ሲስተም ስለሆነ እገምታለሁ፦ ጠዋት ትንሽ ይነሳል፣ ከሰዓት ይነሳል፣ ማታ ተኝቶ ያድራል። አማካዩ ከ10 ከመቶ በታች ከሆነ ችግራችሁ አርክቴክቸር አይደለም፣ የሰርቨሩ ስፋት ነው። ቲ3 ሚዲየም የኢንቴል ነው፣ ሁለት ቪሲፒዩና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ በሰዓት 0.0416 ዶላር ነው። በወር 30 ዶላር ከ37። ከ70 ወደ 30 ወረዳችሁ፣ አርም ሳትነኩ። ያንኑ የአርም አቻ፣ ቲ4ጂ ሚዲየም፣ ብትወስዱ 0.0336 ነው፤ በወር 24 ዶላር ከ53 ይመጣል። ትልቁ ቁጠባ ከየት እንደመጣ አያችሁ? አርባው ዶላር ከስፋቱ፣ ስድስቱ ከአርክቴክቸሩ። የቲ ሰርቨሮች ጠባያቸውን ግን እወቁ። ሥራ ሲፈቱ አቅም ያጠራቅማሉ፣ ሥራ ሲበዛ ያወጡታል። ለዚህ ስፋት መነሻቸው የእያንዳንዱ ቪሲፒዩ 20 ከመቶ ነው። ቀኑን ሙሉ ከዚያ በላይ ካሠራችኋቸው ተጨማሪ ያስከፍላሉ፣ ቁጠባው ይበላል። ሜሞሪያችሁም ከ4 ጊጋባይት በታች መሆኑን አረጋግጡ።

ወደ መዞሩ ስንመጣ፣ የሚያስቸግረው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሶፍትዌር ነው። ይህን ኢንቴል ራሱ በውድ ተምሮታል። ከኤክስ86 የተለየ፣ አይታኒየም የሚባል አዲስ አርክቴክቸር በ2001 አወጣ። ኤኤምዲ ደግሞ በ2003 ያንኑ የድሮ ቋንቋ ወደ 64 ቢት አሳደገው። ሰው የለመደውን ሶፍትዌር ይዞ ወደ ኤኤምዲው መንገድ ሄደ፣ ኢንቴልም ተከተለ። አይታኒየም በ2021 ጭነቱ ቆመ።

ኮዳችሁ በፓይተን፣ በኖድ፣ በጃቫ ወይም በፒኤችፒ ከሆነ አብዛኛው እንዳለ ይሄዳል። የሚያደናቅፉት ትንንሾቹ ናቸው። እኔ በምሠራበት ቡድን የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ጎበዝ ነው፣ አዲስ የኤም1 ማክ ገዝቶ መጣ። ዓርብ ማታ የዶከር ኢሜጅ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘ ጥቅል፣ በላፕቶፑ ሠርቶ ወደ ኢንቴል ሰርቨር ላከ። ሰርቨሩ ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወደቀ። ሎጉ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ኤግዜክ ፎርማት ኤረር"። ኮዱን ሁለት ሰዓት መረመርን። ኮዱ ምንም የለበትም። ማኩ አርም ስለሆነ ኢሜጁን በአርም ቋንቋ ሠርቶታል፣ ሰርቨሩ ደግሞ አይሰማም። እናንተ በተቃራኒው አቅጣጫ ይህንኑ ታገኛላችሁ። መፍትሔው ዶከር ባይልድኤክስን ተጠቅሞ ለሁለቱም ቋንቋ ኢሜጅ ማዘጋጀት ነው። ይህን ከመዞራችሁ በፊት አድርጉት፤ ያኔ ችግር ቢመጣ ወደ ኢንቴሉ መመለስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ኮዱ የሌላችሁ ላይብረሪ ነው። አንድ ሻጭ ለደረሰኝ ማተሚያ ወይም ለክፍያ የሰጣችሁ፣ ተጠናቅሮ የመጣ ፋይል ካለ ለኤክስ86 ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሻጩን ጠይቁ። የአርም ከሌለው ያንን አገልግሎት እዚያው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ላይ ተዉት። ሁሉም አንድ ላይ መዞር የለበትም።

ሦስተኛው ስውር ነው። በሲ++ ወይም በሌላ ዝቅ ባለ ቋንቋ የጻፋችሁት፣ በብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች) የሚሠራ ነገር ካላችሁ ተጠንቀቁ። ኤክስ86 ላይ አንዱ ትሬድ የጻፈውን ሌላው በተጻፈበት ቅደም ተከተል ያየዋል። አርም ግን ለፍጥነት ሲል ቅደም ተከተሉን ማቀያየር ይችላል፣ ኮዱ በግልጽ ካልከለከለው በቀር። ቤት ውስጥ እናት ወጡን እንጀራው ላይ አውጥታ ከዚያ "ቅረቡ" ትላለች። አርም ላይ "ቅረቡ" የሚለው ድምፅ ወጡ ሳይወጣ ሊሰማ ይችላል። እንግዳው ሲቀርብ ባዶ እንጀራ ያገኛል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ስህተት ለዓመታት ኢንቴል ላይ ተኝቶ ኖሮ አርም ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ተነሳ። ከሺህ አንዴ ሪፖርቱ ባዶ ይወጣ ነበር። አርም አላበላሸውም፣ ድሮም የተበላሸ ኮድ ነበር። ግን ደንበኛው ይህን አይሰማችሁም።

እንዲህ ብትጀምሩ እመክራለሁ። ዳታቤዛችሁ አማዞን የሚያስተዳድረው ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ከሆነ መጀመሪያ እሱን አዙሩ። የእናንተ ኮድ እዚያ የለም፤ የሰርቨሩን ዓይነት መቀየር ብቻ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ይቋረጣል። እሑድ ሌሊት አድርጉት። ቀጥላችሁ ከአምስቱ አንዱን ሰርቨር በአርም ተኩና ከደንበኞቻችሁ ጥያቄ አሥር ከመቶውን ስጡት። አንድ ሳምንት ተዉት፣ የወር መጨረሻ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ሪፖርት የሚበዛው ያኔ ነው። አማካዩን ብቻ አትዩ። ከመቶ ጥያቄ ዘጠና አምስቱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደተመለሰ እዩ።

ስትለኩ ቢሮ ካለው ላፕቶፕ አትለኩ። ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ ደርሶ መልስ የሚወስደው ጊዜ በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል ካለው ልዩነት በጣም ይበልጣል። የምትለኩት ኔትወርኩን ይሆናል። መለኪያውን እዚያው ማዕከል ውስጥ ሌላ ትንሽ ሰርቨር ላይ አስነሱ፣ ሲጨርስ አጥፉት። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የጊክቤንች (የፕሮሰሰር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ቁጥሮችንም ለዚህ አትመኑ። አጭር ሩጫ ነው የሚለኩት፣ የእናንተ ሰርቨር ግን ቀኑን ሙሉ ነው የሚሮጠው።

ለቅናሽ ተብሎ የአንድ ዓመት ውል ከመግባታችሁ በፊትም ይህን ልኩ። መግባታችሁ ካልቀረ ኮምፒውት ሴቪንግስ ፕላን የሚባለውን ምረጡ፣ ከኢንቴል ወደ አርም ስትዞሩ አብሯችሁ ይዞራል። ለአንድ የሰርቨር ቤተሰብ ብቻ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ቅናሹ ከፍ ይላል፣ ግን እግራችሁን ያስራል።

ስለ ሪስክ-ፋይቭ አልጠየቃችሁኝም፣ ግን ሰው ያነሳባችኋል። በ2010 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችል አርክቴክቸር ነው። በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ትንንሽ መቆጣጠሪያ ቺፖች ላይ ገብቷል። ነፃ የሆነው ግን ቋንቋው ነው። ቺፑን መንደፍና ማምረት ያው ገንዘብ ይጠይቃል። ለእናንተ ሰርቨር ገና ነው።

ላፕቶፑ ላይ ልጨርስ። ለፕሮግራመሮቻችሁ ያገለገለ ኤም1 ማክቡክ ኤር ጥሩ ግዢ ነው። ማራገቢያ የለውም፣ አይጮህም፣ መብራት ሲሄድ ግማሽ ቀን ያሠራል። ሚስጥሩ እዚህም ቋንቋው ብቻ አይደለም። ሲወጣ፣ በ2020፣ በዘመኑ ምርጥ በነበረው 5 ናኖሜትር የቲኤስኤምሲ ፋብሪካ የተመረተ ነው፤ ፍጥነቱም በ3.2 ጊጋኸርዝ ተገድቧል። ፕሮሰሰርን ከአቅሙ ጫፍ ላይ ማስኬድ ብዙ ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ ኃይሉ የሚፈሰውም እዚያ ነው። የኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ እስከ 5.8 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ኮሮቹ ሁሉ በሙሉ ጭነት ሲሠሩ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። ኢንቴል ፍላጎቱ ሲኖር ደግሞ በ2024 ሉናር ሌክ የተባለውን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሠርቷል፤ ያም ኤክስ86 ሆኖ ባትሪው ረጅም ይቆያል። የማኩን ጉድለትም እወቁ። ሜሞሪውና ስቶሬጁ ተበይዶ ነው የመጣው። 8 ጊጋባይት ገዝታችሁ "በኋላ እንጨምራለን" ማለት የለም፤ ለዶከር ሥራ 16 ጊጋባይቱን ፈልጉ። ያገለገለ ቲንክፓድ ብትገዙ ግን ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ሜሞሪ ይጨመራል፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው በየሰፈሩ አለ።

የሂሳብ ክፍሉን ግን ከፕሮግራመሮቹ ጋር አትደምሩት። ፒችትሪ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ደረሰኝ ማተሚያና የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኙ ከሆነ፣ ለእነሱ ኤክስ86 ዊንዶውስ ይግዙላቸው። የአርም ዊንዶውስ ላፕቶፖች የድሮ ፕሮግራም በትርጉም ያስኬዳሉ፤ የመሣሪያ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ግን በትርጉም አይሄድም፣ ለአርም ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ ላፕቶፑን ልትገዙ ስትሄዱ የማሽኑን ገመድና ድራይቨሩን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ጭናችሁ፣ ሰክታችሁ፣ አንድ ደረሰኝ ሲወጣ እዩ።